እሳቱ ከመለኮሱ በፊት፦ ጅማ ላይ የብስክሌት ፍሬም በእጅ መሥራት

ጅማ ላይ ብየዳ የሚችል ሰው ሞልቷል። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የሱቅ መደርደሪያ የማይበየድበት ሰፈር የለም። የብስክሌት ፍሬም የሚሠራ ግን እምብዛም አታገኙም። የችሎታ ማነስ አይመስለኝም፤ ልማድ ነው። በር ላይ ክፍተት ቢኖር በኤሌክትሮድ ይሞላል፣ በግራይንደር ይላጋል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ቀለም ይደረብበታል። በሩም ዕድሜ ልኩን ይከፈታል ይዘጋል። ብስክሌት ግን ሰው ተሸክሞ ከጅሬን ቁልቁል ይወርዳል። ክፍተቱ በብየዳ የተሞላ ፍሬም አንድ ቀን ጉድጓድ ሲመታ መሪው ሥር ይሰነጠቃል።

እኔ የብረታ ብረት ባለሙያ ነኝ። ሱቄ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ ዳር ናት። በርና መስኮቱ እንጀራዬ ነው፤ ፍሬም ግን የምወደው ሥራ ነው። ለጀማሪ ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ፍሬም የሚያልቀው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ነው። ልኬቱና የሞረዱ ሥራ ከተጣራ እሳቱ አጭር ጉዳይ ነው። ካልተጣራ ግን የትኛውም በያጅ አያድነውም።

ቀድመን በስም እንግባባ። መሪው የሚገባበትን አጭር ቱቦ የመሪ ቱቦ እለዋለሁ። ኮርቻው የሚሰካበት የኮርቻ ቱቦ ነው። ሁለቱን ከላይ የሚያገናኘው የላይ ቱቦ፣ ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ወፍራሙ ደግሞ የታች ቱቦ ነው። ፔዳሉ የሚዞርበት ክቡ ብረት የፔዳል ቤት ይባል። ከፔዳል ቤቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ሁለቱ የታች እግሮች፣ ከኮርቻው ሥር የሚወርዱት ቀጫጭኖቹ የላይ እግሮች ናቸው። የኋላው ጎማ አክስል የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት ጆሮ ነው።

ልኬት

ምሳሌ ልስጣችሁ። ጎረቤቴ የግብርና ባለሙያ ናት። ቡና ገበሬዎች ዘንድ ስትመላለስ ነው የምትውለው። ቁመቷ አጠር ያለ ነው። የገዛችው ብስክሌት ላይ ስትቀመጥ መሪው ይርቃታል፣ ወገቧን ያማታል። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የተሠራው ለወንድሜ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፍሬም በልክ የሚሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

መጀመሪያ የሚለካው የእግር ውስጥ ርዝመት ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ጀርባ ግድግዳ ይይዛል፣ ጠንካራ መጽሐፍ በእግር መሃል ገብቶ ኮርቻ እንደሚጫነው ወደ ላይ ጠበቅ ይደረጋል። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይ ጠርዝ ይለካል። ሴት ደንበኛ ከሆነች ቤቷ ሄዳ ከእህቷ ወይም ከጓደኛዋ ጋር ለክታ ትምጣ፤ ሱቅ ውስጥ ተሳቅቃ የተለካች ትክክለኛ ቁጥር አይወጣላትም። የጎረቤቴ 76 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ይህን በ0.883 ስታባዙት 67 ይመጣል። ከፔዳል ቤቱ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ከፍታ ማለት ነው። መነሻ ቁጥር እንጂ ሕግ አይደለም፤ በኋላ ኮርቻውን ትንሽ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ለእሷ የመረጥኩት የ26 ኢንች ጎማ ነው። አንደኛ፣ ቸርኬውም ጎማውም ካላማዳሪውም ጅማ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ለአጭር ሰው በትልቅ ጎማ ፍሬም ስትሠሩ ስትታጠፍ የእግሯ ጣት ከፊት ጎማው ጋር ይጋጫል። የኮርቻ ቱቦው ከፔዳል ቤቱ መሃል እስከ ጫፉ 44 ሴንቲ፣ የላይ ቱቦው አግድም ሲለካ 54.5 ሴንቲ፣ የታች እግሮቹ 43.5 ሴንቲ፣ የመሪ ቱቦው 12 ሴንቲ። የፔዳል ቤቱ ከሁለቱ አክስሎች መስመር በ45 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። የኮርቻ ቱቦው 73 ዲግሪ፣ የመሪ ቱቦው 71 ዲግሪ ያጋድላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ለአንድ ልኬት ኮምፔንሳቶ ላይ ሣሉት። ወረቀት ላይ አሳንሳችሁ አትሣሉ፤ ኮምፔንሳቶው በኋላ መለኪያ ይሆናችኋል። ጥሩ ዲግሪ መለኪያ ከሌላችሁ አትቸገሩ። ለ73 ዲግሪ 10 ሴንቲ አግድም ሂዱና 32.7 ሴንቲ ውጡ። ለ71 ደግሞ 10 አግድም፣ 29 ወደ ላይ። ሁለቱን ነጥቦች አገናኝታችሁ መስመሩን አርዝሙት። ከትንሽ ፕላስቲክ መለኪያ ይልቅ ይህ የታመነ ነው።

ሥዕሉ ላይ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ከፔዳል ቤቱ መሃል 26 ሴንቲ ራዲየስ ያለው ክብ ሣሉ። ይህ 165 ሚሊ ሜትር ክራንክ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) እና ከፔዳሉ አልፎ የሚወጣው የጫማ ጫፍ ነው። የፊት ጎማው ክብ ይህን መቁረጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ የመሪ ቱቦውን መሃል መስመር እስከ መሬት አርዝሙት። መስመሩ መሬት የሚነካው ጎማው መሬት ከሚነካበት ትንሽ ቀድሞ መሆን አለበት። በ71 ዲግሪና ወደ ፊት 45 ሚሊ በወጣ ፎርክ (የፊት ጎማውን በሁለት እግሩ የሚይዘው ሹካ)፣ 2 ኢንች ውፍረት ባለው የ26 ጎማ፣ ልዩነቱ 66 ሚሊ አካባቢ ይመጣል። ከ55 እስከ 70 ባለው ውስጥ ከሆነ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በጣም ካነሰ መሪው ይቅበጠበጣል። በጣም ከበዛ ዘገምተኛ ይሆናል፣ ዳገት ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ፎርኩን መጀመሪያ በእጃችሁ አስገቡ። ጀማሪ ፎርክ አይሥራ። ደህና የብረት ፎርክ ከአሮጌ ብስክሌት ይገኛል። ርዝመቱን ለኩና ሥዕሉን በእሱ ልክ ሣሉ። ኋላ ፎርክ ስታስገቡ አንድ ሴንቲ ቢረዝምባችሁ ዲግሪዎቹ ሁሉ ይዛነፋሉ። ፍሬኑንም አሁኑኑ ወስኑ፤ የሚያያዝበት ብረት አብሮ ይበየዳልና።

ቱቦው

ለብስክሌት ተብሎ የሚሠራው ጥሩ ቱቦ ክሮሞሊ ነው፤ 4130 ይባላል። 1 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና ትንሽ ሞሊብዲነም ስላለበት ከተራው ብረት ይጠነክራል፣ ስለዚህ ግድግዳው ሊሳሳ ይችላል። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ ኩባንያ 531 የተባለውን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1935 አውጥቶ ነበር። እሱ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ያለበት፣ በነሐስ እንዲያያዝ የታሰበ ቱቦ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የክሮሞሊ ቱቦ አስመጡ።

ከሌላችሁ አሮጌ ፍሬም ፈልጉ። ማግኔት የሚይዘው ብረት ነው፤ የማይይዘው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ተዉት። ቀለሙ ላይ 4130 ወይም ክሮሞሊ የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። አሮጌ ፍሬም ሌላም ጥቅም አለው። የፔዳል ቤቱን ከእሱ ትወስዳላችሁ። የብዙዎቹ የፔዳል ቤት ጥርስ 1.37 ኢንች ስፋት፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ በግራ የሚዞር ነው። ለዚህ የሚሆን ማውጫ ቶርኖ ቤት ሁሉ አይኖርም። ጥርሱ የወጣለትን ቆርጦ መውሰድ ይሻላል። የመሪ ቱቦውንም እንዲሁ።

ከአሮጌ ፍሬም ቱቦ ስትቆርጡ አንድ ነገር እወቁ። ብዙዎቹ ጥሩ ቱቦዎች ጫፋቸው ወፍራም፣ መሃላቸው ስስ ነው። ብዙ ከቆረጣችሁ ወፍራሙን ጥላችሁ ስሱን ልትበይዱት ነው። ቆርጣችሁ ጫፉን በካሊፐር ለኩ። ለላይ፣ ለታችና ለኮርቻ ቱቦ ግድግዳው 0.9 ሚሊ ከሆነ ለመጀመሪያ ሥራ ደስ ይላል። 28.6 ሚሊ ውፍረት ያለው የ0.9 ቱቦ በሜትር 0.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 1.5 የሆነው 1 ኪሎ ይመጣል። ልምምዱን በ1.5 የቤት ዕቃ ቱቦ አድርጉት፤ ዋናውን ግን በእሱ አትሥሩ፣ ዳገት ላይ ትረግሙታላችሁ።

የውሃ ቧንቧ ፈጽሞ አትንኩ። ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነጩ ጭስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። እኛ ዘንድ በያጆች ወተት ጠጥተው ይገላገሉት ይመስላቸዋል። ወተት ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ ነው የገባው። መድኃኒቱ በሩን መክፈትና ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ ነው።

የኮርቻውን ዘንግም ከቱቦው ጋር አብራችሁ ግዙ። የ28.6 ቱቦ ግድግዳው 0.9 ከሆነ ውስጡ 26.8 ነው። ዘንጉ ሳይጣበቅ እንዲገባ ትንሽ ያነሰ፣ 26.6 ዘንግ ፈልጉ።

ሞረዱ

አሁን ዋናው መጣ። ክብ ቱቦ ክብ ቱቦ ላይ እንዲያርፍ ጫፉ ጎድጎድ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አትቆጥቡ።

ስስ ቱቦ ሞርሳ ውስጥ ባዶውን ስትይዙት ይጨፈለቃል። ጎረቤታችን ሐጂ አናጢ ናቸው። ከወንበር ሥራ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ለምኜ 28.6 ሚሊ ቀዳዳ በሱልኝ፤ ከዚያ መሃል ለመሃል ሰነጠቁት። ቱቦው በሁለቱ ግማሾች መካከል ይገባል፣ ሞርሳው እንጨቱን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ውፍረት አንድ ጥንድ ያስፈልጋል። ጅማ ላይ የአናጢ ቁራጭ መቼም አይጠፋም።

የወረቀት አብነት አዘጋጁ። ለልምምድ በ90 ዲግሪ ጀምሩ፤ ሁለት እኩል የ28.6 ቱቦዎች። የዚህ ቱቦ ዙሪያ 90 ሚሊ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። 90 ሚሊ ርዝመት ያለው ወረቀት ቆርጣችሁ በየ7.5 ሚሊው ቀጥ ያለ መስመር አስምሩበት፤ ጫፎቹን ጨምሮ 13 መስመር ይሆናል። በየመስመሩ ላይ ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች በተራ 0፣ 7.2፣ 12.4፣ 14.3፣ 12.4፣ 7.2፣ 0 ለኩ፤ ከዚያ 7.2፣ 12.4፣ 14.3፣ 12.4፣ 7.2፣ 0 ቀጥሉ። ነጥቦቹን በለስላሳ መስመር አገናኙና በመቀስ ቁረጡ። ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ አስምሩ። ለፍሬሙ ዲግሪዎች ግን አብነቱን በነጻ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ላይ አሉ። ወረቀቱ ከፕሪንተር ሲወጣ ልኩን ሊያሳንስ ስለሚችል በማስመሪያ ለክታችሁ ብቻ ተጠቀሙበት።

በብረት መጋዝ ከመስመሩ 1 ሚሊ ያህል ራቅ ብላችሁ ቁረጡ። ቀሪውን ግማሽ ክብ ሞረድ ይሠራዋል። የሞረዱ ጉብታ ከቱቦው ክብ ትንሽ ያነሰ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርዱ፣ ግጠሙ፣ እዩ። እንደገና ሞርዱ፣ ግጠሙ፣ እዩ። ሹል የሆኑትን የጎን ጫፎች በስሱ መልሷቸው፤ እሳት ሲነካቸው ቀድመው ይቃጠላሉ።

ከዚያ ብርሃን ላይ አንሱት። ጅማ ደመናዋ ብዙ ነው፣ ስለዚህ የስልክ መብራት ከኋላ አድርጉ። ሐጂ አንዴ አንዱን መጋጠሚያ ከእጄ ተቀብለው ወደ መብራቱ አነሡና "ልጄ፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ገና ነው" ብለው መለሱልኝ። የአናጢ ዓይን ይህ ነው፣ ለእኛም ይሠራል። ተራ ወረቀት ቆርጣችሁ በመጋጠሚያው ውስጥ ለማሳለፍ ሞክሩ። ካለፈ ገና ነው። ነሐስ ጠባብ ቦታ ውስጥ ራሱን ስቦ ይገባል፤ ሰፊ ቦታ ላይ ግን ዝም ብሎ ይቆለላል።

አንድ ቱቦ ሁለት ጫፍ አለው። የሁለቱ ጫፎች ጉድጓድ አንድ አቅጣጫ ካላየ ፍሬሙ ጠማማ ይሆናል። ለዚህ ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ አንጎላሬ ከላዩ ድፉበት። አንጎላሬው ቱቦው ላይ ራሱን ያስተካክላል። በጠርዙ ሹል ብረት አስሂዱ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ጭረት ይወጣላችኋል። አብነቱን በሁለቱም ጫፍ ከዚህ ጭረት ጋር አስተካክሉ። ርዝመቱን ደግሞ ሁልጊዜ ከመሃል መስመር እስከ መሃል መስመር ለኩ እንጂ ከጫፍ ጫፍ አትለኩ።

ሁሉም ሲያልቅ ቱቦዎቹን ኮምፔንሳቶው ሥዕል ላይ አስተኟቸው። ያለ አንዳች ብየዳ ፍሬሙ እዚያው መታየት አለበት። ከመስመሩ የወጣ ካለ አሁን ነው የሚታረመው።

ጠረጴዛውና ቀዳዳዎቹ

ውድ መያዣ አያስፈልጋችሁም፤ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ግን ግድ ነው። የበር መሥሪያችሁን ጠረጴዛ ለመፈተሽ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ሲባጎ ወጥሩ። በአራቱም ማዕዘን ከፍታው እኩል ይሁን። ሲባጎዎቹ መሃል ላይ ለጥቂት ተነካክተው ካለፉ ጠረጴዛው አልተጣመመም። ቱቦዎቹን በአንጎላሬ ቁራጮችና በመቆንጠጫ ያዟቸው። የመሃል መስመራቸው ከጠረጴዛው እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። የታች ቱቦው 31.8፣ የኮርቻው 28.6 ከሆነ ከቀጭኑ ሥር 1.6 ሚሊ ላሜራ ይገባል።

ከመበየዳችሁ በፊት ጋዝ መውጫ ቀዳዳ ብሱ። የመሪ ቱቦው ላይ፣ የላይና የታች ቱቦዎቹ በሚሸፍኑት ቦታ፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ቀዳዳ ይብቃ። የፔዳል ቤቱም ላይ እንዲሁ። ሁለት ጫፉ ተደፍኖ የሚሞቅ ቱቦ ውስጥ አየሩ ያብጣል፤ ነሐሱን ከመጨረሻዋ ስንጥቅ እየነፋ ያስወጣዋል። እርጥበት ካለበት ጭራሽ ይፈነዳል። ይህን የሚዘለው ብዙ ሰው ነው። አትዝለሉት።

እሳቱ

ኤሌክትሮድ ለ0.9 ሚሊ ቱቦ አይሆንም፤ ይበሳዋል። ቲግ (በአርጎን ጋዝ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ብየዳ) ያለው ሰው በቲግ ይሥራ፣ ጥሩ ነው። እኔ የምሠራው በኦክስጅንና አሲትሊን ጋዝ፣ በነሐስ ዘንግ ነው። ብረቱ ራሱ ስለማይቀልጥ ስስ ቱቦ ይምራል፣ ጀማሪም ያርመዋል።

አሲትሊን ከ1 ባር በላይ በቱቦ አይለቀቅም፤ ከዚያ በላይ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ሲሊንደሩ ቆሞ ይታሰር። የኦክስጅን መጋጠሚያ ላይ ዘይትም ግሪስም አይነካ። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ይህ ካልተሟላ ሥራው ይቅር።

መጋጠሚያውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ያህል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ አብሩት፣ ውስጡንም ጭምር። በእጃችሁ አትንኩት፣ የእጅ ቅባት በቂ ነው ለማበላሸት። ቦራክስ (ነሐሱ ብረቱን እንዲይዝ የሚረዳው ነጭ ዱቄት) በውሃ ለውሳችሁ ቀቡ። ትንሽ አፍ ያለው ችቦ ያዙ፣ እሳቱ ገለልተኛ ይሁን፦ ውስጠኛው ሰማያዊ ጫፍ ጥርት ያለ፣ ከላዩ ጭራ የሌለው።

ቀጥታ ፀሐይ ላይ አትሥሩ፤ ቀለሙ አይታይም። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ ውሃው ይፈላል። ከዚያ ቦራክሱ ነጭ ሆኖ ያብጣል። ወደ 740 ዲግሪ ሲጠጋ ቀልጦ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናል፤ ብረቱ ደብዘዝ ብሎ ቀልቷል ማለት ነው። ትንሽ ጨምሩ። ቅላቱ ወደ ብርቱካን መሄድ ሲጀምር የነሐሱን ዘንግ ብረቱ ላይ ንኩ። ዘንጉን የሚያቀልጠው ብረቱ ይሁን እንጂ እሳቱ አይሁን። 890 ዲግሪ አካባቢ ነሐሱ ትኩስ እንጀራ ላይ እንዳረፈ ቅቤ ሰርጎ ይገባል። ያቺን ቅጽበት አንዴ ካያችኋት አትረሷትም፤ እኔን እስከ ዛሬ ደስ ታሰኘኛለች። ነጭ ጭስ ካያችሁ አብዝታችሁ አሙቃችኋል፣ ነሐሱ ውስጥ ያለው ዚንክ እየተቃጠለ ነው። እሳቱን አርቁ።

የፔዳል ቤቱ ግድግዳ ከቱቦው ስለሚወፍር እሳቱን ይበልጥ ወደ እሱ አዘንብሉ። ሁለቱ እኩል ካልቀሉ ነሐሱ ወደ ሞቀው ይሸሻል።

በአራት ነጥብ ብቻ ያዙ፦ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ከዚያ ለኩ። ከተዛነፈ በእጅ መልሱት። ከተስተካከለ ብቻ ዙሪያውን ጨርሱ፤ አንዱን ጎን ስትሠሩ ቀጥሎ ተቃራኒውን፣ ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎትተው። ቅደም ተከተሉ እኔ ዘንድ እንዲህ ነው። የኮርቻ ቱቦው ከፔዳል ቤቱ ጋር፣ በስኳድራ 90 ዲግሪ ተረጋግጦ። የታች ቱቦው ከመሪ ቱቦው ጋር። ሁለቱ ተያይዘው የላይ ቱቦው ይገባል። ከዚያ የታች እግሮች፣ በስተመጨረሻ የላይ እግሮች።

ውሃ አትድፉበት። ክሮሞሊ ቀልቶ ድንገት ከቀዘቀዘ ይደርቃል፣ የደረቀ ደግሞ ይሰበራል። ነፋስ በሌለበት ለራሱ ይቀዝቅዝ።

ዋናውን ከመጀመራችሁ በፊት የልምምድ መጋጠሚያ ሥሩ። ሲቀዘቅዝ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ረጅም ቧንቧ ሰክታችሁ ጎትቱ። ቱቦው ተጣምሞ መጋጠሚያው ካልተከፈተ ጥሩ ነው። ሌላውን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ወርቃማው መስመር ዙሪያውን ሳይቋረጥ መታየት አለበት። ይህ ሳይሆን ሰው የሚቀመጥበት ፍሬም አትጀምሩ።

የኋላው ክፍል

ጆሮዎቹን ከ5 ወይም 6 ሚሊ ላሜራ ቆርጣችሁ አንድ ላይ አስራችሁ ሞርዱ፣ እኩል እንዲሆኑ። የ26 ኢንች የተራራ ብስክሌት የኋላ አክስል ስፋት ብዙ ጊዜ 135 ሚሊ ነው። ከዚህ የሚረዝም ጥርስ ያለው ዘንግ ቁረጡና በጆሮዎቹ መካከል 135 ሚሊ እንዲሆን በዳዶና ሮንዴላ ሁለቱን እሰሩ፣ ስትበይዱ እንዳይንቀሳቀሱ። የታች እግሮቹ በጎማው ግራና ቀኝ ቢያንስ 10 ሚሊ ክፍት ይተዉ። በክረምት ከከተማ ወጣ ስትሉ ያ ቀይ ጭቃ ምን እንደሚያደርግ ጅማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጠባብ ፍሬም ላይ ጎማው ከነጭራሹ ይቆማል።

አሁን የሲባጎ ፈተና። ሲባጎውን ከቀኙ ጆሮ አስራችሁ በመሪ ቱቦው ዞራችሁ ግራው ጆሮ ላይ ወጥሩ። ከኮርቻ ቱቦው እስከ ሲባጎው በሁለቱም ወገን ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ካልበለጠ ድንቅ ነው። ከበለጠ የብረት ጥቅሙ እዚህ ነው፦ በቀዝቃዛው፣ ቀስ ብላችሁ፣ በረጅም እንጨት ልታስተካክሉት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ጎማውን አስገቡ፣ መሃል መቆሙን እዩ፣ አውጥታችሁ ገልብጣችሁ አስገቡ። በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ፍሬሙ ነው። ከገለበጣችሁ በኋላ ወደ ሌላው ካጋደለ ቸርኬው ነው።

ማጠናቀቅ

የቀዘቀዘው ቦራክስ ሞረድ ይበላል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። ከዚያ ነሐሱን በክብ ሞረድና በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቱቦውን ግን እንዳትበሉት። ነሐሱ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ቱቦው ከተሞረደ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትንሽ ሸካራ ሆኖ ቢቀር ይሻላል።

የኮርቻ ቱቦው ጫፍ ላይ ከኋላ በኩል 3 ሴንቲ ያህል ሰንጥቁ፣ የስንጥቁ መጨረሻ ላይ 5 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፤ ስንጥቁ እንዳይሄድ ያግደዋል። የፔዳል ቤቱ ጥርስ በሙቀት ከተበላሸ አሮጌ የብረት መግጠሚያ ፈልጉና ጥርሱ ላይ በመጋዝ ሦስት ቦታ ሰንጥቁት። ዘይት ቀብታችሁ እያስገባችሁ እያወጣችሁ አዙሩት፣ ጥርሱን ይጠርግላችኋል። በቀኝ በኩል በግራ እንደሚዞር እንዳትረሱ። የመሪ ቱቦውን አፍ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ፊቱን አስተካክሉ፤ ኩሽኔታው ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ መሪው ይነክሳል።

ጅማ ዝናብ አይለያትም፣ ዝገት ከውስጥ ነው የሚጀምረው። የፔዳል ቤቱ ሆድ ላይ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ብሱ። የተፈላ የተልባ ዘይት በየቱቦው አፍስሳችሁ ፍሬሙን እያገላበጣችሁ ውስጡን አዳርሱ፣ ትርፉን አንጠፍጥፉ፣ ለቀናት ይድረቅ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርጉት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከውጭ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። የመኪና ቀለም ቀቢ ጋ ብትወስዱት አያስከፋም።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ በዝግታ ንዱት፤ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ፈትሹ፣ ቡሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ ዳገቱ። የእኔ መፈተኛ የጅሬን ዳገት ነው። ሽቅብ ስትረግጡ የፔዳል ቤቱ ይናገራል፤ ቁልቁል ስትመጡ የመሪ ቱቦው። ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተለይ የታች ቱቦው ከመሪ ቱቦው በሚገናኝበት ሥር ቀለሙን በጨርቅ ጠርጋችሁ ተመልከቱ፤ ጭነቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ፀጉር የመሰለ መስመር ካያችሁ ቀለሙን ፈግፍጉና አረጋግጡ። ስንጥቅ ከሆነ ነሐስ አትደርቡበት፣ አይዝም። ነሐስ የነካ ብረት ላይ በኤሌክትሮድም አትበይዱ፣ መዳቡ ብረቱ ውስጥ ገብቶ የባሰ ይሰነጥቀዋል። ቱቦውን አሙቃችሁ አውጡትና በአዲስ ተኩት።